እያረጀን፣ እያወጋን

የወረዳችን ስም እናርጅ እናውጋ ነው፤ መቀመጫዋ ደብረ ወርቅ። ለሥራ የመጣ እንግዳ ስሙን ሲሰማ ፈገግ ይልና «ቁጭ ብላችሁ ማውጋት ትወዳላችሁ ማለት ነው?» ይለናል። እንደ ቀልድ አልፈው ነበር። ዘንድሮ ግን ቀልዱ ቀረ። ማታ ልጆቹ ከተኙ በኋላ ስልኬን ይዤ ከኤአይ ጋር ሳወጋ፣ ሳስረዳ፣ ያስረዳሁትን እንደ ገና ሳስረዳ እኩለ ሌሊት ያልፋል። ማውጋቱም ማርጀቱም አንድ ላይ እየተፈጸመብኝ ነው።

ብቻዬን ብሆን ዝም እል ነበር። መምህራን ማረፊያ ክፍል ገብታችሁ «ያ የፈተናው ቻት የት ገባ?» በሉ፤ አምስት ሰው በአንድ ጊዜ ያቃስታል። የሩብ ዓመት ሪፖርት የሚጽፈው የቢሮ ልጅ ያቃስታል። ሞጣ ያለችው የእህቴ ልጅ ትደውልና፣ ሰላምታው ሳያልቅ፣ «ጋሼ፣ እርስዎም ጋ እንዲህ ያደርጋል?» ትለኛለች። አዎ፣ እኔም ጋ እንዲህ ያደርጋል።

እኛ ወደዚህ ሰርግ የደረስነው ጠላው ሊያልቅ ሲል ነው። ቻትጂፒቲ በኅዳር 2015 ወጣ። ዓለም ገና ሲንጫጫበት፣ በዚያው ዓመት በሐምሌ መጨረሻ የክልላችን የሞባይል ኢንተርኔት ተቋረጠ። ሌላው ሲለማመድ እኛ በጠመኔያችን ቀጠልን። ኔትወርኩ ሲመለስ አገሩ ሁሉ ሌላ ቋንቋ ይናገራል፦ ፕሮምፕት፣ ቻት፣ ፕሮጀክት። በሐምሌ 2016 የ5 ሚሊዮን ኮደሮች ሥልጠና የሚባለው ተጀመረ፤ ብዙ ሳይቆይ እኛ ትምህርት ቤት ሰርተፊኬቱን ከስልኩ አውጥቶ የማያሳይ ወጣት መምህር ጠፋ። እኔም ወጣት ባልሆንም ተማርሁ። መማሩስ ደግ ነበር።

ደግ ያልሆነው «አደራጀው» የሚለው ነገር ነው።

መጀመሪያ ላይ አንድ ቻት ብቻ ነበረኝ። የትምህርት ዕቅድም፣ የዕድር ደብዳቤም፣ የልጄ የሒሳብ ጥያቄም እዚያው። ረጅም ከመሆኑ የተነሣ ወደ ላይ ለመውጣት አውራ ጣቴ ይዝል ነበር። ከዚያ ክላውድ የሚባለው ኤአይ በሰኔ 2016፣ ቻትጂፒቲ ደግሞ በታኅሣሥ 2017 «ፕሮጀክት» የሚሉትን አመጡ። ነገሩ እንደ ዶሴ ነው፤ ፋይልህን ትጭናለህ፣ መመሪያ ትጽፍለታለህ፣ ከሥሩ የምትከፍተው ቻት ሁሉ ያንን አንብቦ ይመጣል ይባላል። የፊዚክሱ መምህር፣ ልጅ እግር ነው፣ መከረኝ፦ «መምህር፣ ነጭ ጤፍና ሰርገኛ አንድ ጎታ አይከተትም። ለዩት።»

ለየሁት። እኔ መምህር ነኝ፤ በዚያ ላይ የዕድራችን ጸሐፊ ነኝ፤ በዚያ ላይ የጽዋ ማኅበራችን ጸሐፊ ነኝ («አንተ እኮ ብዕር ታውቃለህ» ተብሎ የተጫነብኝ ነው፤ ብዕር የማያውቅ ሰው እንዴት ይታደላል!)፤ በዚያ ላይ ክረምት ክረምት የሁለተኛ ዲግሪ ተማሪ ነኝ። ስለዚህ አምስት ፕሮጀክት ከፈትሁ፦ ትምህርት ቤት፣ ዕድር፣ ማኅበር፣ ዲግሪ፣ ሌላ ሌላ። ለዘመን መለወጫ ግቢውን ጠርጎ የጨረሰ ሰው የሚሰማው ዓይነት ነገር ተሰማኝ። ለሦስት ቀን።

በአራተኛው ቀን ኔትወርክ መጣ፣ ሊሄድ ሲል ደረስሁበት፣ የሚያስቸኩል ደብዳቤ ነበረኝ። በቸኮለ ጊዜ ማን ነው ፕሮጀክት መርጦ የሚገባ? አዲስ ቻት ከፍቼ ጻፍሁ። በማግስቱም እንደዚያው። ጎታው አምስት፣ እህሉ መሬት ላይ። መሬት ላይ የፈሰሰውን እሑድ እሑድ እየለቀምሁ ወደየጎታው እከታለሁ። እሑድ ቀድሞ የማርፍበት ቀን ነበር።

ለመልቀም ደግሞ መለየት ያስፈልጋል። ቻቱ ለራሱ ስም ያወጣል፤ ስሙንም በእንግሊዝኛ ያወጣል። ዝርዝሩን ስከፍት እንዲህ ይላል፦ «አማሪክ ሌተር ድራፍት»፣ «አማሪክ ቴክስት ሄልፕ»፣ «አማሪክ ዶክዩመንት ሪቪዥን»፣ ደግሞ «አማሪክ ቴክስት ሄልፕ»፣ ደግሞ «አማሪክ ቴክስት ሄልፕ»። ወንድሜ፣ እኔ ተወልጄ ያደግሁት በአማርኛ ነው፤ የምጽፈው ነገር አማርኛ መሆኑ ለእኔ ምን ዜና ነው? ጎተራውን ሁሉ ዞሮ «እህል» የሚል ወረቀት እንደ መለጠፍ ነው። ስሙን መለወጥ ይቻላል፤ አውቃለሁ። አንዱን ለወጥሁ፣ ሁለተኛውን ለወጥሁ፣ ስድስተኛው ላይ እንቅልፍ ወሰደኝ።

ድሮ አንድ መሥሪያ ቤት መዝገብ ቤት የምትሠራ ሴት ነበረች። «እትዬ፣ ያ የዛሬ ሦስት ዓመት የወንበር ጥያቄ የጻፍነው» ስትላት ቀና ብላም አታይህም። ትነሣለች፣ ከመደርደሪያው ሦስተኛው ረድፍ ክር የታሰረበት ዶሴ ትስባለች፣ ገለጥ ገለጥ ታደርጋለች፣ ደብዳቤውን ከነቁጥሩ ከነቀኑ ፊትህ ታኖራለች። በላዩ ላይ «ግልባጩን ወስዳችሁ አልመለሳችሁም» ብላ ትገሥጽሃለች። ትቆጣ ነበር፤ ግን ታውቅ ነበር። ዛሬ ኤአይ አይቆጣም። እጅግ ጨዋ ነው። «በጣም ጥሩ ጥያቄ ነው» ይልሃል። ደብዳቤው የት እንዳለ ግን የማውቀው እኔ መሆን አለብኝ። ጡረታ የወጣችው እሷ፣ በቦታዋ የተቀጠርሁት እኔ፣ ደመወዝ የለው።

ጉዱ የሚመጣው ፍለጋው ላይ ነው። ይህን የማወራው ፊደል ለቆጠረ ሰው ነው።

«ጸሐፊ» የሚለውን ቃል ውሰዱ። በጸሎቱ ጸ ወይም በፀሐዩ ፀ ትጀምሩታላችሁ፤ ሁለት። ቀጥሎ ያለውን ሀ፣ ሃ፣ ሐ፣ ሓ፣ ኀ፣ ኃ ብላችሁ በስድስት መንገድ ታስገቡታላችሁ። ሁለት ጊዜ ስድስት 12 ነው። አንድ ጸሐፊ፣ 12 መልክ! እኔ ደግሞ አንድ ሰው አይደለሁም። ቀን ቢሮ ተቀምጬ ስጽፍ «ሥራ» በንጉሡ ሠ ነው፤ ማታ በስልክ ጣቴ ሲቸኩል «ስራ» በእሳቱ ሰ ይወጣል። ቀን «ዕድር»፣ ማታ «እድር»። የቀኑ እኔ የጻፈውን የማታው እኔ ሲፈልግ ሳጥኑ «ምንም አልተገኘም» ይላል። የከተማችን ስም ራሱ፣ «ደብረ ወርቅ» ብዬ ለይቼ ስጽፍ ሌላ፣ «ደብረወርቅ» ብዬ ስገጥመው ሌላ ይወጣል። የአገራችንን ልጅ ሀዲስ ዓለማየሁን እንኳ ብትፈልጉ በሀሌታው ሀ፣ በሐመሩ ሐ፣ በብዙኃኑ ኀ ሦስት ጊዜ መሞከር ነው።

የሚያናድደው፣ ሲያወጋህ ሁሉንም ያውቃል። «ስራ» ብለህ ጻፍለት፣ «ሥራ» ብለህ ጻፍለት፣ አንድ መሆኑ አይጠፋውም፤ ባትጠይቀውም ስለ ሞክሼ ፊደላት አንድ ገጽ ያስተምርሃል። የሚያወጋው ክፍል የተማረ ነው፤ የሚፈልገው ክፍል ሀሁ አልቆጠረም። ሁለቱ አንድ ቤት ውስጥ እየኖሩ አይተዋወቁም።

ሌላው ቦታው ነው። ፊደላችን ዩኒኮድ ውስጥ የገባው በ1999 እ.ኤ.አ. ነው፤ እሰየው። ግን ዩቲኤፍ-8 በሚባለው አጻጻፍ የላቲኑ አንድ ፊደል 1 ባይት ሲይዝ የእኛው አንድ ፊደል 3 ባይት ይይዛል። ኤአዩ ደግሞ ፊደል በፊደል አያነብም፤ ጽሑፉን ቶክን በሚባል ቁርጥራጭ ነው የሚቆርሰው። ቢላው የተሳለው በብዛት ለእንግሊዝኛ ነውና የእንግሊዝኛው ቃል ሙሉውን በአንድ ጉርሻ ሲገባ፣ የእኛው ቃል ይፈረካከሳል። አንድ ዓይነት ሐሳብ ፈረንጁ በአንድ ቁና ሲሰፍር እኛ ብዙ ቁና ያስፈልገናል። ስለዚህ ቻታችን ቶሎ ይሞላል፤ የቀኑ ድርሻችንም ቶሎ ያልቃል። ወጉ ሲረዝም ደግሞ መጀመሪያ የነገርሁት ይደበዝዝበታል። ትልቁ ቁም ነገር ላይ ስንደርስ «ይህ ውይይት ረዝሟል፤ አዲስ ይጀምሩ» ይለኛል። ነገር ማን አስረዘመው? እኔ ነኝ ወይስ ባይቱ?

አዲስ ስጀምር ደግሞ ሰውየው አዲስ ነው። አያውቀኝም። ትናንት ሌሊት ስለ ዕድራችን ድንኳን ሁለት ሰዓት ተከራክረናል፤ ዛሬ «ሰላም! በምን ልርዳዎት?» ይለኛል። እንግዲህ ከሀ እጀምራለሁ፦ ደብረ ወርቅ የምትባል ከተማ አለች፣ ምሥራቅ ጎጃም ናት፣ ዕድር ማለት እንዲህ ነው። አንድ ጊዜ ይህን መግቢያ ረስቼ ቀጥታ ስለ ከተማችን አጭር ጽሑፍ ጠየቅሁት። «ደብረ ወርቅ በወርቅ ማዕድኗ የምትታወቅ ተራራማ ስፍራ» ብሎ ጀመረ። ቅዱስ ሉቃስ እንደ ሣላት የሚታመነውን የእመቤታችንን ሥዕል ይዛ የኖረችው ደብር በአንድ ሌሊት የማዕድን ሠፈር ሆነች። ይህን ለካህናቱ አልነገርሁም፤ እናንተም አትንገሩ።

«ለዚህ እኮ ነው የፕሮጀክቱ መመሪያ ያለው» ይለኛል የፊዚክሱ መምህር። ልክ ነው። መመሪያ ጻፍሁ። መመሪያዬ ከዕድሩ ደንብ በልጧል። አንደኛ፣ ዘመኑ የኢትዮጵያ ነው። ሁለተኛ፣ ሰዓቱም የኢትዮጵያ ነው። ሦስተኛ፣ እዚህ አገር ትልቅ ሰው አንቱ ነው። አራተኛ፣ ጸሐፊው ወንድ ነው፣ «አንቺ» አይባልም። አራተኛዋ የተጨመረችው «ውድ እህቴ፣ ረቂቅሽ በጣም ያምራል» ካለኝ በኋላ ነው። ሽበቴን ቢያይ አይለኝም ነበር፤ ግን አያይም።

አንደኛዋና ሁለተኛዋ የተጨመሩት ደግሞ ከአስተርእዮ ማርያም ወዲህ ነው። ለማኅበራችን ጥሪ አዘጋጅ አልሁት፤ ጥር 21 ቀን፣ ጠዋት በ3 ሰዓት። ደብዳቤው ቋንቋው ማር ነው። ቀኑን ስመለከት ጥር 13 ይላል። እንዴት ሆኖ? ጥር ሲባል ጃንዋሪ መስሎት፣ ጃንዋሪ 21 አድርጎ፣ ከዚያ ደግሞ ሊረዳኝ ብሎ ወደ እኛ ዘመን መልሶት ነው። ማርያምን 8 ቀን አስቀደማት። ሰዓቱ ይብሳል፤ 3 ሰዓትን የፈረንጅ 3 ሰዓት ብሎ፣ «ሌሊት በ9 ሰዓት እንድትገኙልን በአክብሮት እንጋብዛለን» ብሏል። ጅብ ካላስቸገረ እንመጣለን!

መመሪያው ይሠራል ወይ ብትሉ፣ ይሠራል፤ ፕሮጀክቱ ውስጥ ከገባሁ። አለመግባቴን ግን ቀድሜ ነግሬአችኋለሁ። መመሪያ መጻፍና መመሪያው ያለበት ክፍል ውስጥ መቀመጥ ለየቅል ናቸው።

የሒሳቡንም ላንሣው፤ ቢያስነውርም። የሚከፈልበት መደበኛው አገልግሎት በወር 20 ዶላር ነው። ከሐምሌ 2016ቱ የምንዛሪ ለውጥ ወዲህ ይህ ከ2 ሺህ ብር በላይ ነው፤ ብሩ ቢገኝ እንኳ በእኛ የባንክ ካርድ መክፈል ሌላ ጣጣ ነው። ስለዚህ አሜሪካ ያለ የአክስቴ ልጅ ይከፍላል፤ እኔና የባዮሎጂው መምህር በእሱ አካውንት እንገባለን። ለሦስት ሰው አንድ አካውንት። አንድ ጋቢ ለሦስት ሰው እንደ መልበስ ነው፤ ሁልጊዜ የአንዱ እግር ውጭ ይቀራል። ኤአዩ ደግሞ «ማስታወስ» የሚሉትን ከጀመረ ወዲህ ሦስታችንን አንድ ሰው አድርጎ አስቀምጦናል። የሐዘን መግለጫ ጻፍልኝ ስለው «የባዮሎጂ መምህርና የጭነት መኪና ሾፌር እንደ መሆንዎ» ብሎ ይጀምራል። ማስታወስ የሚገባውን ረስቶ፣ መርሳት የሚገባውን አስታውሶ! የአክስቴ ልጅ በበኩሉ «ስለ ጎማ ስጠይቀው ስለ ሥርዓተ ቀብር ያወራኛል፤ ምን አድርጋችሁት ነው?» ብሎ ደውሏል። ስለሚከፍል ዝም ብለን ሰማነው።

ባለፈው እሑድ የሆነውን ልንገራችሁ።

የዕድራችን ጠቅላላ ጉባኤ ነበር። የመተዳደሪያ ደንቡን ማሻሻያ አነብባለሁ። በደንቡ ላይ ከኤአይ ጋር ስንት ሌሊት አሳልፌአለሁ፤ አንቀጽ በአንቀጽ። ጠዋት ልወጣ ስል ነው ወረቀቱን ያተምሁት፤ መብራት ሊሄድ ይችላል ብዬ ቸኩዬ፣ «አማሪክ ዶክዩመንት ሪቪዥን» ከሚለው ቻት ቀድቼ። የትኛው «አማሪክ ዶክዩመንት ሪቪዥን»? እሱ ነው ጥያቄው።

ሕዝቡ አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጧል፤ የተረፈው ድንጋይ ላይ። እያነበብሁ አንቀጽ 9 ደረስሁ፦ «ያለ በቂ ምክንያት ከቀብር የቀረ አባል 20 ብር ይቀጣል።» አንድ ሰው ከኋላ አጉረመረመ። ሌላው ቀና አለ። አንዲት እናት ነጠላቸውን አስተካክለው ተነሡ። «መምህር፣ ድገመው።» ደገምሁት። «እኔ 50 ብር አይደለም ወይ የተቀጣሁት?»

ባለፈው ዓመት ቅጣቱ ወደ 50 ከፍ ብሏል። እኔ ያተምሁት ከዚያ በፊት የነበረውን ረቂቅ ነው። ግን ለማን ታስረዳለህ? ዓመቱን ሙሉ የተቀጣው ሁሉ ተነሣ። «30 ብራችን ይመለስልን!» ገንዘብ ያዡ ሳጥኑን ወደ ጉያው ሳብ አደረገ። እኔ ስልኬን አውጥቼ እፈልጋለሁ፤ ዳታ የለም። ከፍ አድርጌ ያዝሁት፣ ወደ አጥሩ ጠጋ አልሁ፤ አንዲት መስመር መጣችና ሄደች።

ሰብሳቢያችን ከ70 ያለፉ ሽማግሌ ናቸው። ምንም አላሉም። ጋቢያቸውን ገለጥ አድርገው ከኮታቸው የውስጥ ኪስ በላስቲክ የተጠቀለለ ደብተር አወጡ። ጣታቸውን በምላሳቸው አርጥበው ሁለት ቅጠል ገለጡ። «በዚያ ጉባኤ 50 ብር ብለን ተስማምተናል። ፊርማችሁም ይኸውና። አንቺም ፈርመሻል» አሉ። ሴትዮዋ ተጠግተው አዩ። «የኔ ነው» ብለው ተቀመጡ። ያ ሁሉ ግርግር በሁለት ቅጠል ጸጥ አለ።

ሲበተን ወደ እኔ መጡ። ይቆጡኛል ብዬ ነበር።

«ልጄ፣ ያ በስልክ የምታወጋው ሰውዬ ሌላ ቅጂ ሰጠህ?»

«አዎ ጋሼ። ብዙ ቅጂ አለው፤ የትኛው የመጨረሻው እንደሆነ ግን አይለይልኝም።»

«ታዲያ ለምን ቁጥር አትሰጠውም?»

«እሰጠዋለሁ ጋሼ። የሰጠሁትን ቁጥር ሌላው ቻት አያውቀውም።»

ትንሽ አሰቡ። «እንግዲህ አንተው ነሃ የምታስታውስለት» ብለው ደብተሩን በላስቲኩ ጠቅልለው ሄዱ።

ማታ ተቀመጥሁ። የመጨረሻውን ደንብ አግኝቼ፣ የዕድሩ ፕሮጀክት ውስጥ ከትቼ፣ ሌላውን ሁሉ ላጠፋ ቆርጫለሁ። ፍለጋው ላይ «ዕድር» ብዬ ጻፍሁ። ምንም አልተገኘም። «እድር» ብዬ ጻፍሁ፤ 14 ወጡ። ሁሉም ስማቸው አንድ ነው። ከላይ ጀምሬ እየከፈትሁ እያነበብሁ ነው። አሁን ሰባተኛው ላይ ነኝ፤ እዚህኛው ላይ ቅጣቱ 35 ብር ይላል፤ 35 ብር ማን እንዳለው አላስታውስም።